እስከ ወገቡ ግራሶ የተቀባው ማማ

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት የፈለሰፈው ሰው በዕድሜው አንዲት ብሎን አጥብቆ የሚያውቅ አይመስለኝም። ብሎን የሚያጠብቃት እጅ የወንድ ይሁን የሴት አትጠይቅም፤ ከጠበቀች ጠበቀች፣ ከላላች ላላች ነው። ይህን የምለው ለመፈላሰፍ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በገዛ እጄ ያቆምኩት የሬዲዮ ማማ ነበረኝ፤ ያንን ማማ ይህ ተረት በላብኝ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ዛሬም ነገሩ ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

የደጀን ልጅ ነኝ። አባቴ ጎሚስታ ነበር። የጭነት መኪናዎች ከዓባይ በረሃ እያቃሰቱ ወጥተው ትንፋሽ በሚሰበስቡበት መንገድ ዳር፣ ጎማ ሲፈታና ሲታሰር እያየሁ ስላደግሁ፣ ቁልፍና ፒንሳ መያዝ ማንም አላስተማረኝም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ስማር የአማተር ሬዲዮ ክበብ አገኘሁና እዚያው ቀረሁ። አማተር ሬዲዮ ማለት ዘፈንና ዜና የሚያሰማ ጣቢያ አይደለም። በራስ እጅ በተሠራ አንቴና፣ የማንንም መስመር ሳይለምኑ፣ ባሕር ማዶ ካለ የማያውቁት ሰው ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ነው። «ሰማሁህ፣ አንተስ ትሰማኛለህ?» ነው ነገሩ ሁሉ። ለምን እንደምወደው ስጠየቅ ይህንኑ እላለሁ፤ የሚገባው ይገባዋል።

በእኛ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ደብረ ማርቆስ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ሆኜ ተመደብኩ። የቀድሞ አስተማሪዬ የሰጡኝን አሮጌ የሬዲዮ መሣሪያ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ይዤ ነበር የሄድኩት። ለትምህርት ቤቱ የሬዲዮ ክበብ ፈቃድ ለማውጣት የተመላለስኩትን መንገድ አልተርከውም፤ ቢሮ ለቢሮ ጫማ የጨረሰ ሰው ያውቀዋል። በመጨረሻ ተፈቀደልን፤ በአንድ ግዴታ ግን ነበር። በዓመቱ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ጣቢያው በደንብ ቆሞ ሲናገር ካየ ፈቃዱ ይታደሳል፣ ካላየ ይዘጋል። እኔ ሳቅሁ። አንቴናው ከተሰቀለ ማን ዝም ያሰኘዋል ብዬ ነበር።

ማማውን የሠራነው ከውኃ ቱቦና ከፌሮ ነው። በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ነበረ፤ ስዕሉን አሳየሁት፣ አንገቱን ወዘወዘ፣ ከዚያ ሥራውን እንደ ራሱ ቤት ያዘው። ክፍል ክፍል አድርጎ በየደልኝ። የመጀመሪያውን ክፍል በሲሚንቶ ተከልን። ከዚያ በላዩ ላይ እኔ እየወጣሁ፣ ቀጣዩን ክፍል ተማሪዎቹ ከታች በገመድና በመዘውር እየጎተቱልኝ፣ በብሎን እያሰርኩ ወደ ላይ አሳደግሁት። ወገቡ ላይና አናቱ ላይ በብረት ካቦ በየአቅጣጫው ወጥረን መሬት ላይ አሰርነው። ማማ የሚቆመው በእግሩ አይደለም፤ በካቦዎቹ ነው። አንዱ ከላላ ሌላው ይጎትተዋል፤ ይህን ለተማሪዎቼ ከማናቸውም ቀመር አስቀድሜ አስተምሬያለሁ።

እኔ ላይ ሆኜ ስሠራ አጥር ላይ ሰው ይሰበሰብ ነበር። ሱሪ ለብሼ፣ የመብራት ሠራተኞች የሚታጠቁትን ቀበቶ ታጥቄ፣ ከማማው ጋር ታስሬ ብሎን ስጠመዝዝ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል፤ ከፍታ ላይ ድምፅ ጥርት ብሎ ይመጣል። «ወንድ ጠፍቶ ነው?» ይላል አንዱ። «የማን ልጅ ናት?» ትላለች ሌላዋ። «ባል ቢኖራት ይህን ታደርግ ነበር?» ይላል ሦስተኛው። አንዲት ሴትዮ ግን «ገመዱን አጥብቂ እናቴ!» ብላ ጮኸችልኝ፤ እሷን ዛሬም እመርቃታለሁ። ለቀሪዎቹ ጀርባዬን ሰጥቼ በሮብ ገበያ በኩል ጮቄ ተራራ ላይ ዝናብ ሲወርድ አያለሁ፤ ዝናቡ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ምን ያህል ሥራ እንደምጨርስ እገምታለሁ። ሌላ ጭንቀት አልነበረኝም።

መጀመሪያ የተናገርን ዕለት የፊዚክስ ክፍሉ በተማሪ ታጨቀ። ከሬዲዮው ሲርሲርታ ውስጥ አንድ የሽማግሌ ድምፅ ወጣ፤ ባሕር መሀል ካለች ደሴት ነበር የሚያወራው። የትምህርት ቤታችንን መጠሪያ ደግሞ ሲጠራ ሴቶቹ ልጆች እልል አሉ። ያን ሰሞን ክበቡ ውስጥ ከወንዶቹ ሴቶቹ በዙ። በዕረፍት ሰዓት እየመጡ «ቲቸር፣ እኛስ መቼ ነው የምንወጣው?» ይሉኝ ነበር። ቀበቶውን መታጠቅ፣ ብሎን መፈተሽ፣ የአንቴናውን ሽቦ ማገናኛ ውኃ እንዳይገባበት በናስትሮ መጠቅለል ከመሬት ላይ አስተማርኳቸው። ከመስቀል እረፍት ሲመለሱ አንድ ሁለቱን እስከ ወገቡ ላወጣቸው አስቤ ነበር።

አንድ እሁድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ተከራየሁበት ቤት መጡ። ሰፈሩ የሚያከብራቸው፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የሞተ የሚቀብሩ ሰዎች ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ደጃፌ ላይ ቆሙ። ደነገጥኩ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ደጀን ያለ ዘመድ ሞቶብኝ ሊያረዱኝ ነው የሚል ነበር።

«ግቡ እንጂ አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አልኩ ዱካ እየሳብኩ።

«እሺ በይንና እንቀመጣለን» አሉ ትልቁ።

«ምኑን ነው እሺ የምለው?»

«የመጣንበትን ነዋ። ቆመን አታስቀሪን ልጄ።»

በአገራችን ሽማግሌ ቤት መጥቶ ከቆመ ነገሩ ሳይነገር ግማሹ አልቋል። እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ አባት የሚሆን ሰው ቆሞ እያየሁ እኔ ደግሞ አልከራከርም። እሺታው ይቀድማል፣ ጉዳዩ ይከተላል። ትዳር የፈረሰበት፣ ደም የተቃቡበት ስንት ነገር በዚህ ወግ እንደተቋጨ አውቃለሁ፤ ወጉን አልሰድብም። የምሰድበው ወጉን መጠቀሚያ ያደረገውን ነው። የዚያን ዕለት ግን ገና ምንም አላወቅሁም። «እሺ» አልኩ።

ተቀመጡ። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ነገሩኝ። ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ ባለው ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ አዛውንት አሉ፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። «የኔታ ከቅጽሩ ሆነው እዚያ ብረት ላይ ተንጠልጥለሽ አይተውሽ ፊታቸውን አዞሩ። እጅግ አዝነዋል። ሴት ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት ትይዩ ሱሪ ለብሳ ስትንጠለጠል ማየት ለእኔ ምን ዘመን ነው ብለዋል። እንግዲህ አትውጪ። ወንድ ይውጣ፤ አንቺ ከታች ሆነሽ እዘዢ።»

ጆሮዬ ጋለ። «ሥራዬ እኮ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ፤ እሺ ብያለሁ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እየተባለ ያደገ ሰው አፉን መልሶ ይዘጋል። ዘጋሁ። መረቁኝና ሄዱ።

የኔታ ዘንድ ሄጄ «እውነት እንዲህ ብለዋል?» ብዬ መጠየቅ አልቻልኩም። ጥያቄው ራሱ ሦስት ሽማግሌ ውሸታም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ማንም አይጠይቅም፤ በተላከበት መንገድ ተቀብሎ ዝም ይላል። ስናደድ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ፤ ሰኞ ጠዋት ለዳይሬክተሩ ሄጄ ከእንግዲህ እንደማልወጣ ነገርኩት። በሐዘኔታ አንገቱን ነቀነቀ። «ምን ይደረግ፣ የኔታን ማሳዘን አይሆንም» አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ያችን ተረት ተረተብኝና የእንጨት ሥራ መምህሩን ለማማው ኃላፊ አደረገው።

የእንጨት ሥራ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። የሠራው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ እጁን ይባርክለታል። ግን ከፍታ ይፈራ ነበር፤ መፍራቱን ደግሞ ከማማው በላይ ይፈራው ነበር። ግራሶውንና ቁልፉን ሰጥቼ በየወሩ ሦስት ነገር እንዲያይልኝ ለመንኩት፤ ብሎኖቹን፣ ካቦዎቹ ማማውን የያዙበትን፣ አናቱ ላይ ያለውን የአንቴናውን ሽቦ ማገናኛ። ይወጣል፣ ወገቡ ጋ ይደርሳል፣ እዚያ ቁጭ ይላል፣ ይወርዳል።

«ላዩንስ?» እለዋለሁ።

«ላዩ ደኅና ነው፤ ከዚያው ሆኜ አየሁት።»

«ማገናኛው በእጅ ካልተያዘ አይታወቅም እኮ።»

«ኧረ ነቅነቅ አላለም አልኩሽ!»

እኔ ነቅነቅ ስለማለት አልጠየቅሁትም። ነገር ግን የሰፈሩ ሰው በሙሉ አጥር ላይ ቆሞ እያየው «እስከ ላይ አልወጣሁም» ማለት ለሱ ሞት ነው፤ እኔ ወጥቼ ላሳይህ እንዳልል አፌ ታስሯል። ሁለታችንም መሬት ላይ ቆመን እንዋሻለን።

ሴቶቹ ልጆች አንድ በአንድ ከክበቡ ቀሩ። አንዷን መንገድ ላይ አግኝቼ ለምን እንደተወች ጠየቅኋት። ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ «እርስዎም እኮ ተከልክለው የለ ቲቸር?» አለችኝ። ከሰማሁት ሁሉ ያ ነው ያቃጠለኝ።

ክረምቱ ገባ። የማርቆስን ክረምት የማያውቅ ሰው በረዶ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መምህር ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ ማስተማሩን የሚያቋርጥበትን አገር አላየም። ማማው መወዛወዝ ጀመረ። መሬት ላይ ያለው አልተከለከለምና የካቦዎቹን መወጠሪያ ከታች እየዞርኩ አጠብቃለሁ። ፀሐይ ሲወጣ ጥብቅ ይላል፤ ዝናብ ሲመታው ወገቡ ላይ ያለው አንዱ ካቦ እንደገና ይረግባል። አጠብቀዋለሁ፣ ይረግባል። ብረት በዝናብ ሲረግብ በፊዚክስም በጎሚስታም ቤት አልሰማሁም። የእንጨት ሥራ መምህሩን «ወገቡ ጋ ምን አለ?» ብለው «ምንም» አለኝ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሬዲዮው ደነቆረ። ስንናገር ኃይሉ ወደራሱ ይመለሳል፤ አናቱ ላይ ያለው ማገናኛ ውኃ ጠጥቷል ማለት ነው። ለኔ ተወጥቶ የሚወረድ፣ ተደርጎ የሚያልቅ ሥራ ነበር። ይህ እንዲህ እንዳለ ተቆጣጣሪው ከመስቀል በኋላ እንደሚመጣ በስልክ ተነገረን።

ጣቢያው ሊዘጋ ነው። ማንም ወንድ አናቱ ላይ አይወጣልኝም። እኔ ቃል አለብኝ። ቃሉን ሊፈታልኝ የሚችለው ደግሞ ቃሉ በስሙ የተወሰደብኝ ሰው ብቻ ነው ብዬ፣ ነጠላዬን አደግድጌ ወደ የኔታ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምለውን እያረምኩ ነበር። እለምናቸዋለሁ፤ ቀሚስም ልልበስ ካሉኝ ከሱሪዬ በላይ እለብሳለሁ፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ውጪ ካሉኝ ሲያልቅ እወጣለሁ።

የኔታ በደብሩ ጥድ ሥር መደብ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ተማሪ ቅኔውን ሲነግራቸው ያርሙት ነበር። እስኪጨርሱ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ተማሪው ሲሄድ ቀርቤ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ማነሽ ልጄ?» አሉ። እጃቸውን ለቡራኬ ዘረጉ፤ የዘረጉት ግን እኔ ወዳለሁበት አልነበረም፤ ከጎኔ ወዳለው ባዶ ቦታ ነው። ቀና ብዬ አየኋቸው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ነጭ ሞራ ለብሰዋል።

«የኔታ፣ እኔ… እዚያ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ማማው ላይ የምወጣዋ ነኝ» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «ሬዲዮዋ! ልጆቼ ነግረውኛል። በጀርባዋ ታስራ እንደ ጉሬዛ ትወጣለች ይሉኛል። ለምን ተወች ብዬ ስጠይቅ እንጃ አሉኝ። ታመምሽ እንዴ?»

«የኔታ፣ እርስዎ ከልክለውኝ ነው እኮ የተውኩት።»

«እኔ?»

ነገርኳቸው። ሽማግሌዎቹን፣ መቆማቸውን፣ እሺታዬን፣ ከቅጽሩ ሆነው አይተው ፊታቸውን አዞሩ የተባለውን። እያዳመጡኝ መቋሚያቸውን ይጨብጡ ነበር። ስጨርስ፣ «ዓይኔ ከጨለመ ይኸው ስንተኛ ሁዳዴው ነው» አሉ። «ከደቀ መዛሙርቴ በቀር ብዙ ሰው አያውቅም። ቅኔ በጆሮ ነው የሚነገር፤ ማን ዓይኔን ይጠይቀኛል? እጄን ይዘው ሲመሩኝ ክብር ይመስላቸዋል። እኔ አንቺን ማየቴ ቀርቶ ጉልላቱንም አላየው ልጄ። ስሜን ማን አበደረው?»

«እንግዲያ ቃሌን ይፍቱልኝ» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

«ያላሰርኩትን ምን ብዬ ልፍታ?» አሉ በቁጣ። «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

ስመለስ ትልቁን ሽማግሌ ቤታቸው ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። ስነግራቸው ምርኩዛቸው ላይ ተደገፉ። «ዳይሬክተሩ ነው የነገረን» አሉ። «የኔታ ብለዋል አለን፤ እኛም የኔታ ካሉ ብለን መጣን። ለካ በእኛ እግር ሄዷል።» ከእኔ ይልቅ ለራሳቸው አፈሩ። ለእሳቸው አዘንኩ።

ለዳይሬክተሩ አላዘንኩም። ቢሮው ገብቼ በሩን ሳልዘጋ ጠየቅሁት፤ ጸሐፊዋም ትስማ፣ መንገደኛም ይስማ ብዬ ነው።

«የኔታ አያዩም። ምን ብለው አዩኝ?»

ደንገጥ አለ፤ ወዲያው ግን ተመለሰ። «ለደኅንነትሽ ብዬ ነው። ወረዳ ስብሰባ በሄድኩ ቁጥር ሴት መምህርት ምሰሶ ላይ የሚሰቅል እየተባልኩ መሳቂያ ሆንኩ። ብትወድቂ ደግሞ ማን ይጠየቃል?»

«ይህንኑ ለምን በራስዎ አፍ አልነገሩኝም?»

«በኔ ቃል ትተይ ነበር?»

«አልተውም ነበር።»

«ታዲያ!» አለ እጁን ዘርግቶ፤ እንደረታ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ዋሽቶ ተይዞ፣ ውሸቱ ባይኖር ኖሮ እውነቱ አያሸንፍልኝም ነበር ብሎ የሚከራከር! ካወቅሁት ሰው ሁሉ እንደሱ ያለ ደረቅ አልገጠመኝም።

ቀበቶዬን ታጥቄ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ወጣሁ። አጥሩ ላይ ሰው ቆሟል፤ ይቁም። እስከ ወገቡ ያለው ብረት በግራሶ ይብለጨለጫል፤ በትጋት፣ በልግስና ነው የተቀባው። ከወገቡ በላይ ግን ዓመት ሙሉ የሰው እጅ አልነካውም። የግራሶው ዳርቻ ላይ የሰው ድፍረት የት እንደሚያበቃ በመስመር ተሰምሯል። ከዚያ በላይ ዝገት ነበር።

ወገቡ ላይ ያ የሚረግበው ካቦ ማማውን የሚይዝበት ቦታ እጄን ሰድጄ ስዳስስ ለስለስ አለኝ። በግራሶ ጠቁሮ የተጠቀለለውን ናስትሮ ገፈፍኩት። ጠፍር ነው። የበሬ ቆዳ፤ ገበሬ ሞፈርና ቀንበር የሚያስርበት ጠፍር። የእንጨት ሥራ መምህሩ ብሎኑን ሲፈታው ከእጁ አምልጦ ሣር ውስጥ ወድቆበት፣ ብሎን ወደቀብኝ ብሎ ለእኔ መንገር ሆኖበት፣ በአባቱ ቤት የሚያውቀውን ነገር አሰረበት። ጠፍር እርጥቡ ታስሮ ሲደርቅ ከብረት ይጠብቃል፤ ለዚህ ነው በበጋ ጥብቅ ብሎ የታየኝ። በዝናብ ሲርስ ግን እንደ አንጀት ይለጠጣል። እርሻ ላይ ገበሬው ማታ ቀንበሩን ቤቱ ያስገባዋል፤ ማማ ወዴት ይገባል? ክረምቱን ሙሉ ዝናብ በመጣ ቁጥር ማማው ወደዚያ ጎን እየተንገዳገደ፣ ከላይ ያለው የብየዳ መጋጠሚያ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ውስጥ ጥፍሬ ገባ። ቁልቁል ስመለከት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የሚማሩበት ክፍል ቆርቆሮ ነበር።

ወርጄ የእንጨት ሥራ መምህሩን ጠራሁት፤ ጠፍሩን ሳሳየው አልካደም። «ብሎኑን ሣሩ ውስጥ ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት» አለ። «ጠፍር ስንት በሬ ይዟል እኮ።» ከልቡ ነበር የሚለው። በሱ ላይ መጮህ አልቻልኩም። አትውጣ ያለው ሰው ቢኖር ኖሮ አይወጣም ነበር፤ ውጣ ያለው ደግሞ ቢሮው ተቀምጧል።

ጠፍሩን በብሎን ተካሁ፣ ስንጥቁን ለዳይሬክተሩ ነገርኩ፣ ማገናኛውን አደረቅሁና ጠቀለልኩት፤ ሬዲዮው ነፍስ ዘራ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ያ ደሴት ላይ ያለው ሽማግሌ ራሱ መለሰልን። ተቆጣጣሪው ተደስቶ ፈገግ አለ። ፈቃዱ በእጃችን የገባ ያህል ነበር። ዳይሬክተሩ ክንዴን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝ። «ስንጥቁን አሁን አታንሺ» አለኝ። «ያድስልንና ይሂድ። ከዚያ እናስበይደዋለን።»

ዝምታውን ፈልጌው ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ ከሱ ጋር የተስማማሁት ያኔ ብቻ ነው። ዓመት ሙሉ የተቃጠልኩበትን ጣቢያ በአንድ ዝምታ ማትረፍ እችላለሁ። ግን የሱን «ከዚያ እናስበይደዋለን» አውቀዋለሁ፤ ነፋሱ ደግሞ አያውቀውም። ከቆርቆሮው ሥር የሚማሩት ልጆች ድምፃቸው እየተሰማኝ ነበር። ተመልሼ ገባሁና ለተቆጣጣሪው ስንጥቁን ነገርኩት። ወጥተን አየነው። ጥሩ ሰው ነበር፤ ማዘኑ ከፊቱ ይነበባል። «ይህ ሳይዘገይ መውረድ አለበት» አለ። «ሌላ ሲሠራ ጥሩኝ።» ሌላ አልተሠራም።

በማግስቱ ማማው ሥር ተሰበሰብን። የእንጨት ሥራ መምህሩ አንዴ ቀና ብሎ አየና «እኔ ለልጆቼ አስፈልጋለሁ» ብሎ ሄደ። በያጁ የበየደው ብረት ከላይ የተሰነጠቀ መሆኑን ሰምቶ እግሬን አላነሳም አለ። ማንም ወንድ አልተገኘም። ዳይሬክተሩ ብቻውን ወደ እኔ መጣ። ሽማግሌ አላስከተለም፣ የኔታን አላነሳም፣ ተረቱንም ረስቶታል።

«እንግዲህ ካንቺ በቀር የሚችል የለም» አለ። «ልጆቹ ክፍላቸው መግባት አለባቸው። አደራ።»

ጤነኛ ሳለ እንዳልነካው የተከለከልኩትን ማማ፣ ሊወድቅ ሲል ውጪበት ተባልኩ። ወጣሁ። ስለሱ አደራ ብዬ አልነበረም፤ የልጆቹ ክፍል ባዶ ሆኖ እንዳይቀር ነው። ብሎን በብሎን እየፈታሁ፣ አሳድጌ የሰቀልኩትን ክፍል በክፍል አወረድኩት። ተማሪዎቹ ከታች ገመዱን ይዘው ነበር፤ ከክበቡ የቀሩት ሴቶች ልጆችም ሳልጠራቸው መጥተው ይዘዋል። «በርቺ!» ይለኛል ዳይሬክተሩ ከታች፣ ከሁሉ ድምፅ በላይ። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ወንድ ጠፍቶ ነው አላለም።

የመጨረሻውን ክፍል አውርጄ መሬት ስረግጥ በተማሪዎቹ ፊት እጁን ዘርግቶ መጣ። ፈገግ ብሏል፤ «ጀግና!» ይላል። እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ፣ ቀበቶዬን ፈታሁ፣ ቀበቶውን ገመዱ ጋ ለቆመችው ልጅ አስታቀፍኳትና በአጠገቡ አልፌ ሄድኩ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።